ግልባጭ

ሐዋሳ፣ አረብ ሰፈር፣ ከቆርቆሮው በረንዳ ሥር፣
ሠላሳ ዓመት ተቀምጫለሁ ከሲንጀሬ ጋር።
ስሜ ላንቃሞ ነው፤ ደንበኛ ግን በስም አይጠራኝም፣
‹ኮሌታ ገልባጩ› ይለኛል፤ እኔም አይከፋኝም።

ለማታውቁት ላስረዳ፤ ሸሚዝ የሚያረጅ ባንገቱ ነው፣
ላብና ጢም እየፈተገ ጠርዙን ሲበላው።
ፈትቼ አነሳዋለሁ፤ የውስጡን ወደ ውጭ አዙሬ፣
መልሼ እሰፋዋለሁ፣ የድሮውን ቀዳዳ ቆጥሬ።
ሰውየው አዲስ ይሆናል፤
አንድ ሸሚዝ ሁለቴ ይኖራል።

መስተዋቴ ከላይ እስከ ታች ስንጥቅ ነው፣
ባጃጅ የፈናጠረው ጠጠር ነው የመታው።
በግራ የቆመ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣
በቀኝ የቆመ ትከሻው ካንገቱ ይለያል።
እኔ የቀኙን ለምጄዋለሁ።

ከተማው ግን ፎቅ በፎቅ ላይ፣ መስተዋት ለብሶ አገጠጠ፣
አላፊው ራሱን ሊያይ ሲዞር፣ ግንባሩ በዘንባባ ግንድ ተላጠ።
አሻንጉሊቶች ቆሙ፣ ጭንቅላት የሌላቸው፣
ከእኛ ይልቅ ልብስ የሚያምርባቸው።
‹በቅናሽ! በቅናሽ!› ይላል ድምፅ ማጉያው ቀኑን ሙሉ፣
ሰዎች ሳይፈልጉ ገዝተው ‹ፈልገን ነበር› ይላሉ።
ጎረቤቴ ሌዳሞ የስፌት መኪናውን ሸጦ የስልክ ሱቅ ሲከፍት፣
‹አንተስ እስከ መቼ?› አለኝ፤ መልስ ነፈግኩት።

ኮራሁ። ልንገራችሁ፤ ኩራቴ እንደ ሱፍ ኮት ሞቀኝ፣
ሁሉ ሲሸጥ ያልተሸጠ አንድ ሰው እኔ መሰልኩኝ።
ታቦር ተራራን ሳየው ወንድሜ ይመስለኝ ነበር፣
ከሥሩ ያለው ሁሉ ሲቀየር የማይቀየር።

ልጄ ሶስና ኢንዱስትሪ ፓርክ ናት፤ ኮሌታ ላይ ናት እሷም፣
እጅጌውን ሌላ፣ ቁልፉን ሌላ፤ ሙሉ ሸሚዝ አታይም።
በንጋት ሰርቪስ ወስዷት፣ በማታ ሰርቪስ ያመጣታል፣
‹ዛሬ ስድስት መቶ አንገት› ትላለች፤ አንገቷን ያማታል።
አስተምሬያት ነበር፣ ልጅ ሳለች፣ እንደ ፊደል፣
ጫፉ ላይ ሦስት ወደ ኋላ፣ አንድ ዘለል፤
‹እንዳይተረተር› ብያት።
ሌላ የማወርሳት አልነበረኝማ፤ ያቺን ነው ያወረስኳት።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ወጣት መጣ፣ ሃጢሶ ይባላል፣
ከሰልባጅ ተራ የገዛው ሸሚዝ፤ አንገቱ ተበልቷል።
‹ኦሪጅናል ነው፣ ጋሼ፤ የውጭ ነው፤ ማርኩን እንዳትነካው።›
እሺ አልኩት። ሲሄድ ምላጬን አነሳሁ፤ ስፌቱን ስፈታው—

ሦስት ወደ ኋላ።
አንድ ዘለል።

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ።
የልጄ እጅ። ባሕር ተሻግራ፣ የማላውቀውን ሰው አንገት አቅፋ፣
በላቡ ወዝታ፣ በቦንዳ ተጠፍንጋ፣ ስንት መጋዘን አልፋ፣
በረንዳዬ ገባች።

ምላጩን አስቀመጥኩ።
ያ ሁሉ ‹አልሸጥም› ያልኩት እኔ፣ ያ የታቦር ወንድም ነኝ ባይ ሲኮፈስ የኖር፣
ጣቶቼ ቀድመውኝ፣ በልጄ ጣት ውስጥ፣ ሲሸጡ ከርመው ነበር።
ውስጡን ከውጩ መለየት ነበር እንጀራዬ፤
ያን ቀን ጠፋኝ፤ ተደባለቀ ቀኝና ግራዬ።

ማታ ለሶስና አልነገርኳትም። እግሯን በሙቅ ውኃ ነክራ፣
ስልኳ ላይ ልብስ ታያለች፣ በጣቷ እየገፋች ተራ በተራ።
‹ይሄ ያምርብኛል?› አለችኝ። ‹አንገቱን አሳዪኝ› አልኳት፤
ሳቀች። አጉልታ አሳየችኝ። በፎቶ አይለይም ስፌት።

ሐሙስ ሃጢሶ ተመለሰ። ማርኩን አልነካሁትም፤
ሦስቱን ወደ ኋላ፣ አንዷን ዘለል፣ እንዳለች መለስኳት፤ አልጨመርኩም።
ለበሰው፤ ከመስተዋቴ በግራ ቆመ፤ ስልኩን አወጣ፣
‹ጋሼ፣ ትንሽ ወደዚያ፤ ፎቶው ውስጥ እንዳትመጣ።›

ሂሳቤን ተቀብዬ ወደ ቀኙ፣ ወደ ስንጥቁ ዞር አልኩ፣
የራሴን ኮሌታ በጣቴ ዳሰስኩ።
ጠርዙ ተበልቷል። ከሥሩም፣ ለካ፣ ማርክ አለው።

ቆርቆሮው ላይ አባ ኮዳው፣ ራሰ በራ፣ አንገተ ራቁት፣
ወደ አሞራ ገደል በረረ፣ የዓሣ ሰዓት ደርሶበት።